ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1795 ገደማ – ጥቅምት 1840 ዓ.ም.) ከ1805 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ለ34 ዓመታት ያህል ሸዋን የገዙ መሪ ናቸው። ከሸዋ መሳፍንት መካከል የንጉሥነትን ማዕረግ መጀመሪያ የያዙት እሳቸው ነበሩ። ዋና መቀመጫቸው አንኮበር ሲሆን በደብረ ብርሃንና በአንጎለላም ቤተ መንግሥት ነበራቸው። የዳግማዊ ምኒልክ አያት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ቅድመ አያት ናቸው።

ሣህለ ሥላሴ የሸዋን ግዛት በማስፋት፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መንግሥታት ጋር ውል በመዋዋል፣ እንዲሁም ለእጅ ጥበብና ለሕንፃ ሥራ በነበራቸው ልዩ ፍላጎት ይታወሳሉ። በዘመናቸው ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ ልዑክ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ይወደድ በነበረው በጎቲክ ስልት አንድ አዳራሽ ሠርቶላቸዋል። ይህ አዳራሽ የንጉሡ የጥበብ ፍላጎት እስከ ምን ድረስ እንደ ነበረና ምን እንደ ጎደለው የሚያሳይ በመሆኑ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የራሱ ቦታ አለው።

ትውልድና አስተዳደግ

ሣህለ ሥላሴ የተወለዱት ከሸዋ ገዥ ቤተ ሰብ ነው። አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ፣ አያታቸው ደግሞ መርእድ አዝማች አስፋ ወሰን ነበሩ። ቤተ ሰቡ የዘር ሐረጉን ከመንዝ ከተነሡት ከነጋሢ ክርስቶስ ይቆጥራል። እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ የመንዝ ተወላጆች ድጋፍ የነበራቸው ብርቱ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ከነገሡ በኋላም መቀመጫቸውን በሰላ ድንጋይ አድርገው በዙሪያው ያለውን አገር ያስተዳድሩ ነበር።

ሣህለ ሥላሴ በልጅነታቸው በሰላ ድንጋይ ገዳም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። የአባታቸውን መገደል የሰሙትም እዚያው በትምህርት ላይ ሳሉ ነበር። በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 18 ዓመት ገደማ ነበር።

ወደ ሥልጣን አመጣጥ

ራስ ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. ገደማ ሲገደሉ ሥልጣኑን በታላቅነት ሊወርስ የሚገባው በኩሬ የተባለው የሣህለ ሥላሴ ታላቅ ወንድም ነበር። ነገር ግን በኩሬ ፈጥኖ አልደረሰም። ሣህለ ሥላሴ በእናታቸው ወገን ያሉትን የመንዝ ዘመዶቻቸውን አሰባስበው በቁንዲ የሸዋ ገዥ ተባሉ። ዘግይቶ የመጣው በኩሬ ከሌሎቹ ወንድሞች ጋር ተይዞ ወደ ጎንጮ እስር ቤት ተላከ። የነገሥታትን ወንድሞችና ዘመዶች በአምባ ላይ ማሰር በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነበር። ዓላማውም የዙፋን ተቀናቃኝ እንዳይነሣ መከላከል ነው።

አዲሱ ገዥ በመጀመሪያ የገጠማቸው ሥራ አባታቸውን የገደሉትን ወገኖችና ከዚያ ጋር ተያይዞ የተነሣውን ዐመፅ ማብረድ ነበር። ዐመፀኞቹ ደብረ ብርሃንን ዘርፈው ስለ ነበር ከተማዋ እንደገና መታነጽ አስፈለጋት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቆረቆረችው ደብረ ብርሃን በሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደገና የቤተ መንግሥት ከተማ ሆነች።

ግዛትና አስተዳደር

በዚያ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ሥልጣናቸው ተዳክሞ በየአገሩ መሳፍንት በራሳቸው ይገዙ ነበር። ሸዋም በዘመነ መሳፍንት ከጎንደር ርቃ የምትኖር አገር ነበረች። ሣህለ ሥላሴ ግዛታቸው መጽናቱን ካዩ በኋላ የጎንደሩን ንጉሠ ነገሥት ፈቃድ ሳይጠይቁ የሸዋ፣ የይፋትና የኦሮሞ ንጉሥ ተባሉ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ገዥዎች መርእድ አዝማች ወይም ራስ ይባሉ ነበር።

ግዛታቸው ወደ ቡልጋና ወደ ከረዩ፣ ወደ አርሲ አቅጣጫና እስከ ጉራጌ አገር ድረስ ተስፋፋ። በጠረፍ ላይ የተመሠረቱት የተመሸጉ መንደሮች ለዚህ መስፋፋት መሠረት ሆኑ። ከእነዚህ ዋናዋ ከደብረ ብርሃን በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኘው አንጎለላ ናት። ንጉሡ ከኦሮሞ ባላባቶች ጋር በጋብቻና በሹመት ተሳስረው ነበር። ይሁን እንጂ በየዓመቱ የሚያደርጉት ዘመቻ በኦሮሞ ሕዝብ ላይ ብዙ ግድያ፣ ዘረፋና ምርኮ አስከትሏል። ዘመቻውን የተከተሉ አውሮፓውያንም መንደሮች ሲቃጠሉና ከብቶች ሲነዱ ማየታቸውን ጽፈዋል። የባሪያ ንግድም በግዛቱ ውስጥ ይካሄድ ነበር።

በ1821 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ ታላቅ ረሃብ ሆነ። በ1820ዎቹም ዓ.ም. ድርቅና የኮሌራ ወረርሽኝ አገሪቱን ጎዳ። ንጉሡ በረሃቡ ጊዜ የመንግሥትን ጎተራ ከፍተው ለሕዝቡ እህል ማከፋፈላቸው በበጎ ይነሣላቸዋል።

የንግድ ገቢ ለመንግሥታቸው ዋና ድጋፍ ነበር። ከአንኮበር በታች በምትገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ አቋርጠው የሚመጡ ነጋዴዎች ይገናኙ ነበር። ጨው፣ ጨርቅና መሣሪያ ወደ ላይ ይወጣል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ሌላም ሸቀጥ ወደ ታች ይወርዳል። የውጭ አገር ሰዎችም ወደ ሸዋ የሚገቡት በዚሁ መንገድ ነበር። የንጉሡ ፈቃድ ሳይኖር ግን ማንም ሊገባም ሆነ ሊወጣ አይችልም ነበር።

አንኮበርና የቤተ መንግሥቱ አሠራር

አንኮበር የተሠራችው ደጋው አልቆ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል። ከዚያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የይፋት ተራሮችና ከእነሱ ወዲያ ያለው ሜዳ ይታየዋል። ቦታው ለጠላት አስቸጋሪ፣ የንግዱንም መንገድ ለመቆጣጠር የተመቸ ነበር።

የንጉሡ ግቢ ከከተማው በላይ በሾጣጣ ኮረብታ ጫፍ ላይ ነበር። ከኮረብታው ግርጌ አንሥቶ እስከ አናቱ ድረስ በተደራረበ የእንጨት አጥር ታጥሮ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በር እያለፈ፣ ዘበኛ እየተሻገረ ይሄዳል። ከላይ ያሉት ዋና ቤቶች ረጃጅም ሆነው በሣር የተከደኑ ነበሩ። የሕዝቡ ቤቶች ደግሞ በኮረብታው ጎን ላይ በእርከን በእርከን ተሠርተው፣ የአንዱ ቤት ደጅ ከሌላው ጣሪያ ትይዩ ይውል ነበር።

የአካባቢው የቤት አሠራር በእንጨት ላይ የቆመ ነው። ክብ መሠረት ተቆፍሮ የግድግዳው እንጨት ዙሪያውን ይተከላል፤ በማገር ይታሰራል፤ ከዚያም ጭድ የገባበት ጭቃ ይመረግበታል። መካከል ላይ የሚቆመው ምሰሶ ጣሪያውን ይሸከማል። ክዳኑ ሣር ነው፤ ዝናብ ፈጥኖ እንዲወርድ ቁልቁለቱ ከፍ ይላል። እሳቱ የሚነደው ከቤቱ መካከል ሲሆን ጢሱ በክዳኑ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ጢሱ ዓይን ቢያቃጥልም እንጨቱን ከነቀዝ፣ ሣሩንም ከመበስበስ ይጠብቃል። በመንዝ ደጋ ግን እንጨት ስለሚያጥርና ብርዱ ስለሚበረታ ግድግዳው በድንጋይ ካብ ይሠራል። በአንኮበር አቅራቢያ የወፍ ዋሻ ደን ስላለ የጽድና የዝግባ እንጨት አይጠፋም ነበር።

የንጉሥ ቤት ከባላገር ቤት የሚለየው በስፋቱና በብዛቱ እንጂ በአሠራሩ መሠረት አልነበረም። በግቢው ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ የየራሱ ቤት ነበረው። ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ ንጉሡ የሚያርፉበት እልፍኝ፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ግምጃ ቤትና የመሣሪያ ቤት ተለያይተው ይቆማሉ። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ይህ አሠራር ይጠቅማል። የሣር ክዳን ላለው ግቢ እሳት ከሁሉ የከፋ ጠላት ነበርና።

በዚያው ዘመን በለንደን ይሠሩ የነበሩት የከተማ ቤቶች የዚህ ተቃራኒ ነበሩ። በመንገድ ዳር በረድፍ የሚሠሩት እነዚህ ቤቶች የጎን ግድግዳቸውን ከጎረቤት ጋር ይጋራሉ። የፊታቸው ስፋት ጠባብ ሲሆን ወደ ላይ ሦስትና አራት ፎቅ ይወጣሉ። ወጥ ቤቱ ከምድር በታች፣ እንግዳ መቀበያው ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ መኝታ ቤቶቹ ከዚያ በላይ፣ የአሽከሮች ክፍል ደግሞ ከጣሪያው ሥር ይሆናል። ግድግዳው ጡብ፣ ክዳኑ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ መስኮቱ መስተዋት ነው፤ በየክፍሉም የጢስ መውጫ ያለው ምድጃ አለ። አንኮበር በግቢው ስፋት ላይ ለየብቻ ያቆመውን ሥራ ለንደን በአንድ ጣሪያ ሥር ደራርቦ ያስቀምጠው ነበር። ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት የመሬት ዋጋና የግንባታ ዕቃ ነው። በለንደን መሬቱ ጠባብና ውድ፣ ጡቡ ግን በፋብሪካ የሚመረት ነበር። በሸዋ ግን መሬቱ ሰፊ ሲሆን፣ ጡብ የሚጠብስም ሆነ መስተዋት የሚያቀልጥ አልነበረም።

የእጅ ጥበብ ፍላጎት

ሣህለ ሥላሴ ባለእጆችን በግቢያቸው ሰብስበው ያሠሩ ነበር። አንጥረኞች፣ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎች፣ እንጨት ጠራቢዎችና ጠመንጃ አዳሾች በቤተ መንግሥቱ ይሠሩ ነበር። ንጉሡም ሥራቸውን ራሳቸው እየዞሩ ይመለከቱ እንደ ነበር በአንኮበር የቆዩ ተጓዦች ጽፈዋል። ጠመንጃ፣ መድኃኒትና ማንኛውም አዲስ መሣሪያ ይማርካቸው ነበር።

ከውጭ የሚመጡትንም ባለእጆች በደስታ ይቀበሉ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ዲሜጥሮስ የተባለ የአልባኒያ ሰው ሲሆን፣ ለንጉሡ በግንባታ ሥራ አገልግሏል። በአንኮበር አጠገብ በውኃ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ እንደ ተከለላቸው በጊዜው የነበሩ ተጓዦች ጽፈዋል። ወፍጮው ግን ብዙ አልቆየም። ካህናቱ የአጋንንት ሥራ ነው ብለው ስለ ተቃወሙት እንዲቆም ተደረገ። ሴቶች በእጃቸው ከንጋት በፊት ተነሥተው የሚፈጩበት ድካም እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

ይህ ነገር የንጉሡን ሁኔታ በግልጽ ያሳያል። አዲስ ነገር ማየትና መያዝ ይፈልጋሉ። ነገር ግን አዲሱ ነገር ከካህናቱና ከልማዱ ጋር ሲጋጭ ሰላማቸውን ይመርጣሉ። በሌላ በኩል ደግሞ የእጅ ሥራ በኅብረተ ሰቡ ዘንድ የተናቀ ስለ ነበር ጥበቡ ከባለእጁ ወደ ሌላው በቀላሉ አይተላለፍም ነበር። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በቡዳነት የሚጠረጠርበት ዘመን ነበርና።

ከአውሮፓውያን ጋር የነበረ ግንኙነት

ከ1820ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አውሮፓውያን ወደ ሸዋ መምጣት አዘወተሩ። በ1831 ዓ.ም. ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባሉ ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ደረሱ። ኢዘንበርግ በኋላ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ክራፕፍ ደግሞ በሸዋ ቆይቶ የንጉሡን አመኔታ አገኘ። ከዚያም ሮሼ ዴሪኩር የተባለ ፈረንሳዊ መጥቶ ከንጉሡ ስጦታ ይዞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ።

በ1832 ዓ.ም. ገደማ ሣህለ ሥላሴ በክራፕፍ አማካይነት በሕንድ ለነበረው ለእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ደብዳቤ ላኩ። በደብዳቤው እግዚአብሔር ሰፊና መልካም አገር እንደ ሰጣቸው፣ ጥበብ ግን ገና ወደ አገራቸው እንዳልደረሰ ገልጸው፣ በተለይ ጠመንጃና መድፍ እንዲላክላቸው ጠየቁ። እንግሊዞች በ1831 ዓ.ም. ዓደንን ይዘው ስለ ነበር ከቀይ ባሕር ማዶ ካለው አገር ጋር መወዳጀትን ፈልገው ጥያቄውን ተቀበሉ።

የእንግሊዝ ልዑክ

የልዑኩ መሪ ሻለቃ ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ ይባላል። በቦምቤይ ጦር የምህንድስና ክፍል መኮንን ሲሆን በደቡብ አፍሪካ ባደረገው የአደን ጉዞም ስሙ የታወቀ ነበር። ከእሱ ጋር መኮንኖች፣ ሐኪም፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮትና ሠዓሊው ማርቲን በርናትዝ ነበሩ። ልዑኩ ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ሲያልፍ ከአጃቢዎቹ የተወሰኑት በሌሊት ተገደሉበት። በሐምሌ 1833 ዓ.ም. ሸዋ ገብቶም በንጉሡ ፊት ቀረበ።

ልዑኩ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል 300 ጠመንጃዎች ከነሳንጃቸው፣ ሁለት ቀላል መድፎች፣ የከበሩ ጨርቆች፣ ምንጣፎችና ዜማ የሚያሰማ ሰዓት ነበሩ። መድፎቹ በንጉሡ ፊት ሲተኮሱ የተሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ተደነቀ። ኅዳር 8 ቀን 1834 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1841) በሣህለ ሥላሴና በእንግሊዝ መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ።

ልዑኩ በሸዋ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆየ። በዚህ ጊዜ ሃሪስ ከንጉሡ ጋር ወደ ዘመቻ ሄደ፤ በርናትዝ የአንኮበርንና የአንጎለላን ሥዕል ሣለ፤ ሐኪሙም በሽተኞችን አከመ። ልዑኩ ሊሄድ ሲቃረብ ንጉሡ ታመው ነበር። በዚያ ሰሞን በጎንጮ ለ30 ዓመታት ያህል ታስረው የቆዩትን ወንድሞቻቸውን ፈቱ። ሃሪስ ይህን የራሱ ምክር ውጤት አድርጎ ጽፎታል።

የጎቲክ አዳራሽ

ልዑኩ በሸዋ ሳለ ካከናወናቸው ሥራዎች አንዱ ለንጉሡ የተሠራው የጎቲክ አዳራሽ ነው። ጎቲክ የሚባለው የሕንፃ ስልት በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን የታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አሠራር ነበር። ዋና ምልክቶቹ ጫፋቸው ሹል የሆነ ቅስቶች፣ ቀጭንና ረጅም መስኮቶች፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጣሪያ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ይህን ስልት እንደ አገራቸው የጥንት ቅርስ ቆጥረው እንደገና አነሡት። በ1827 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1834) የተቃጠለው የለንደን ፓርላማ በቻርልስ ባሪና በኦገስተስ ፒዩጂን ንድፍ በጎቲክ መልክ መሠራት የጀመረው ልዑኩ ሸዋ ከመድረሱ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ስልቱ ከቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት ሕንፃ አልፎ ወደ ከተማ ቤቶችና ወደ ገጠር ጎጆዎች ወረደ። የለንደኑ ፓርላማ ገና ሳያልቅ የአንኮበሩ ትንሽ አዳራሽ ተጠናቀቀ።

ሕንፃው የተሠራው በልዑኩ ሰዎች ንድፍና አመራር ነው። ሲጠናቀቅም ውስጡ በአውሮፓ ወግ ተዘጋጀ። የቤት ዕቃ ገባ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ መጋረጃም ተሰቀለ። በመጨረሻ በግድግዳው ላይ ባለ ቀለም የሕትመት ሥዕሎች ተሰቀሉ። ሥዕሎቹ በሕንድ አገር የሚደረገውን የነብር አደንና የዝሆን ማላመድ የሚያሳዩ ነበሩ። ዝሆን በሸዋ ለጥርሱ የሚታደንና ለገዳዩ ክብር የሚያስገኝ አውሬ ነው። ሰው ጫነው፣ ታዘዘለት የሚለው ነገር ለንጉሡና ለመኳንንቱ ከሕንፃው ይልቅ የሚያስደንቅ ሆነ።

ንጉሡ በአዳራሹ እጅግ ተደሰቱ። ከተደሰቱ በኋላ ግን መጀመሪያ ያሰቡት በውስጡ ለመኖር አልነበረም። ቤተ ጸሎት ሊያደርጉት እንደሚችሉ ለባለሟላቸው ለአባ ራጉኤል መናገራቸውን ሃሪስ ጽፏል። ይህ ሐሳብ ለእንግሊዞቹ እንግዳ ቢመስላቸውም በሸዋ ልማድ ተገቢ ነው። በአገሪቱ ከሁሉ የተሻለው ሕንፃ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ነበርና። ስልቱ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን የተወለደ መሆኑን ካሰብን ደግሞ የንጉሡ ዓይን አልተሳሳተም።

የአዳራሹ ዋና ጉድለት በአሠራሩ ሳይሆን ለብቻው በመቅረቱ ነው። ዲሜጥሮስ ብቻውን እንደ ሠራ ሁሉ እንግሊዞችም ሠርተው ሄዱ። ሹል ቅስት የሚያበጅ፣ መስኮት የሚገጥም፣ ጠረጴዛ የሚጠርብ የሸዋ ባለሙያ ለማፍራት የሚያስችል ትምህርት ከአዳራሹ ጋር አልመጣም። ንጉሡ በደብዳቤያቸው ጥበብ እንደ ጎደላቸው ተናግረው ነበር። የተላከላቸው ግን የጥበብ ውጤት እንጂ ጥበቡ አልነበረም። እሳቸውም ቢሆኑ ከአንጥረኛው ልጅ ይልቅ ጠመንጃውን አስቀድመው መጠየቃቸው አይካድም።

የፈረንሳይ ውልና የልዑኩ ውጤት

ሃሪስ በ1835 ዓ.ም. ከሸዋ ወጣ። በ1836 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1844) ስለ ጉዞው በሦስት ቅጽ የጻፈው መጽሐፍ በለንደን ታትሞ ብዙ አንባቢ አገኘ። በዚያው ዓመት መጽሐፉን ያሳተመው ተጓዥ ቻርልስ ጆንስተን ግን የልዑኩን አካሄድ አጥብቆ ነቅፏል። የበርናትዝ ሥዕሎችም ለብቻቸው ታትመው ዛሬ ስለ አንኮበር የዚያ ዘመን ገጽታ ዋና ምስክር ሆነዋል።

ሮሼ ዴሪኩርም በሁለተኛ ጉዞው መጥቶ ሰኔ 1 ቀን 1835 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1843) በፈረንሳይ ስም ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። ሣህለ ሥላሴ በሁለቱ መንግሥታት ፉክክር ለመጠቀም መፈለጋቸው ግልጽ ነው። ሆኖም ሁለቱም ውሎች ብዙ ፍሬ አልሰጡም። የታጁራ መንገድ ረጅምና አደገኛ እንደሆነ ቀረ፤ እንግሊዞችም ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዞሩ። በ1842 ዓ.ም. ከራስ ዐሊ ጋር ሌላ ውል ተዋዋሉ።

የሃይማኖት ጉዳይ

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በክርስቶስ ልደት ትምህርት ላይ ተከፋፍለው ነበር። በሸዋ የሦስት ልደት ባህል የሚባለው ወገን ብርቱ ሲሆን ንጉሡም ለዚህ ወገን አደሉ። ይህም ከሌሎቹ ሊቃውንትና ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር አጋጫቸው። ክርክሩ በሕይወታቸው ዘመን አልተፈታም፤ መፍትሔ ያገኘው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው።

ቤተ ሰብና ዕረፍት

ሣህለ ሥላሴ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ በዛብሽ ኃይለ መለኮትንና ሰይፉን ወልደዋል። ሌላው ልጃቸው ዳርጌ በኋላ ራስ ተብለው የዐፄ ምኒልክ ዋና አማካሪ ሆነዋል። ልጃቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ደግሞ የልዑል ራስ መኮንን እናት ናቸው። የኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ሲወለዱ አያታቸው በሕይወት ነበሩ።

ንጉሡ በሕመም ከቆዩ በኋላ በጥቅምት 1840 ዓ.ም. አረፉ፤ ልጃቸው ኃይለ መለኮትም ተተኩ።

ከእሳቸው በኋላ

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን በሕመም ሞቱ፤ ሕፃኑ ምኒልክም ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ሣህለ ሥላሴ ያጸኑት የሸዋ መንግሥት በዚህ ለዐሥር ዓመት ያህል ተቋረጠ።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአያታቸውን ዙፋን ከያዙ በኋላ በአንኮበር ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠሩ። በጥር 1871 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ ኢልግንና ከእሱ ጋር የመጡትን ባለሙያዎች እንደ እንግዳ ተቀብለው እንደ እንግዳ አልሸኙም። ኢልግ ከ25 ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ኖሮ ድልድይ፣ የውኃ ቧንቧና የባቡር ሐዲድ እቅድ ሠርቷል። ከሕንድ፣ ከአርመንና ከሌላም አገር የመጡ ግንበኞችና አናጢዎችም በአዲስ አበባ ከአገሬው ሠራተኛ ጋር አብረው ሠሩ። በአያታቸው ዘመን ሕንፃው መጥቶ ባለሙያው ሄዶ ነበር፤ በልጅ ልጃቸው ዘመን ግን ባለሙያው ተቀመጠ።

ዛሬ በአንኮበር ኮረብታ ላይ የሚታየው የግንብ ቅሪት የምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። በቦታው ላይ ያንን ቤተ መንግሥት እንዲመስል ሆኖ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶ ነበር። የሣህለ ሥላሴን ግቢ፣ አጥሩንና የሣር ክዳን አዳራሾቹን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን የሚያገኛቸው በበርናትዝ ሥዕሎችና በተጓዦች መጻሕፍት ውስጥ ነው።